ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ የምትሄዱ፣ ሲስተርን ሳታገኙ አትነሱ

ሲስተርን በአደባባይ ላመስግን ብዬ ፈቃዳቸውን ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ። በመጨረሻ «ስሜንና ስልኬን ካልጻፍክ የራስህ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ስለዚህ እዚህም ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ሲስተር» ብቻ እላቸዋለሁ። ነርስ ናቸው። ግላስጎው ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል ለረጅም ዘመን ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸውን ከፍተው፣ ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ ለሚሄዱ ልጆች የአገሩን የዕለት ተዕለት አነጋገር ያስተምራሉ። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ። አሁን ግላስጎው ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ጆሮዬ ሥራ የጀመረው ግን እርሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው።

«አይኢኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ፤ ምን ቀረኝ?» የሚል አይጠፋም። ፈተናው ላይ የምንሰማው ድምፅ ጠርቶ የተቀዳ ነው። የግላስጎው አውቶቡስ ሾፌር እንደዚያ አይናገርም። መሀል ቃል ላይ ያለችውን «ተ» ይውጣታል፤ «ዋተር» ሲል «ዋኧር» ነው የሚሰማው። በዚያ ላይ ቃሉ ራሱ ሌላ ነው። ትንሹ ነገር ሁሉ «ዊ» ነው፤ ሕፃን ግላስጎው ላይ «ዌን»፣ ምሥራቁ ክፍል ላይ «ቤርን» ነው፤ «አላውቅም» ለማለት ኤደንብራዎች «ዲና ኬን» ይላሉ።

ሲስተር ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሲታመም የልጅነት ቋንቋው ብቻ ከሚቀናው ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ቆመው ነው። «ኦክስተር» ማለት ብብት መሆኑን ያወቁት ቴርሞሜትር ይዘው ነው፤ «ፒሊ ዋሊ» ማለት ፊቱ የገረጣ፣ ደህና ያልመሰለ ሰው መሆኑን ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቻቸው የሌሊት ተረኛ ሪፖርት። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሁሉንም በጅምላ «የአራዳ ቋንቋ» ብሎ ሲጠራው ይቆጣሉ። ስኮትስ የሚባለው ይህ አነጋገር የራሱ መዝገበ ቃላት፣ የራሱ ሥነ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በተወሰነ ደረጃ እንደሚችሉት ተናግረዋል፤ በ2025 የወጣው የስኮትላንድ ቋንቋዎች ሕግም ጌሊክ ከሚባለው ከሌላው የአገሩ ቋንቋ ጋር ይፋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። ሲስተር ቃላቱን እየለዩ ያስተምራሉ። ብርዱ ሲጠና «ባልቲክ ነው» ማለት የመንገድ ጨዋታ ነው። ጭጋጋማና እርጥብ የሆነውን፣ ልብ የሚያጨልመውን ቀን «ድሪኽ» ማለት ግን ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። «አውትዊዝ» ደግሞ ጨዋታም ጥንትም አይደለም። «ከዚህ ውጭ» ማለት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሚልከው ደብዳቤ ላይ፣ በቤት ኪራይ ውል ላይ ታገኙታላችሁ። «ሎኽ» (ሐይቅ) እና «ድሪኽ» የሚያልቁበትን ድምፅ ለማውጣት እኛ ጉሮሯችንን ስንጠርግ፣ ትግርኛ ተናጋሪዋ ጓደኛችን ያለ ምንም ድካም ብላው ታርፋለች።

የመጀመሪያው ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ቃሉን እንሰማለን እንጂ አንናገርም። «እናንተ በራሳችሁ እንግሊዝኛ ተናገሩ፤ እነርሱ ይረዷችኋል። እኔ የማስተምራችሁ እነርሱ ሲናገሩ እንዳትደነግጡ ነው» ይላሉ። ገና ከአውሮፕላን የወረደ ልጅ «ዲና» እና «ካና» (አልችልም) እያለ ሲያወራ መስማት እንደ ፌዝ ሊቆጠር እንደሚችል ያውቁታል። ሌሎች አስተማሪዎች ተማሪው ደስ እንዲለው ቶሎ ያናግሩታል። የእርሳቸው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሁሉም የማልረሳው የቡናውን ትምህርት ነው። «ኣይ» በስኮትላንድ «አዎ» ማለት ነው። እኛ ደግሞ «አይ» የምንለው ላለመፈለግ ነው፤ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። ሲስተር ቡና ይቀዱና የስኳር ዕቃውን ይዘው በየተራ ይዞራሉ። በግላስጎው ድምፅ «ሹገር?» ይላሉ። «አይ፣ አይ» ያለ ሰው ሲኒ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ይገባል። ያለ ስኳር የሚጠጣው አንዱ ልጅ ፊቱን አጨማዶ ሽሮፕ የመሰለውን ቡና እስከ አተላው ሲጠጣ እርሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ምግብ ሲጨመርልኝ «ኖ» ማለት ለምዶብኛል።

ከቃላቱ በላይ የጠቀሙኝ ግን ተራ የሚመስሉት አባባሎች ናቸው፤ የምታውቁት እንግሊዝኛ ስለሚመስሉ አትጠራጠሯቸውም። «ዌር ዱ ዩ ስቴይ?» የሚላችሁ ሰው የት ሆቴል እንዳረፋችሁ አይደለም የሚጠይቀው፤ ቤታችሁ የት እንደሆነ ነው። «ሃው?» ብቻውን ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ለምን?» ነው። ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊት ዘንቢላቸውን ይዘው «ለሜሴጅስ እየሄድኩ ነው» ሲሉ ስልክ ፍለጋ አልሮጥኩም፤ አስቤዛ ሊገዙ ነው። ባንክ ቤት ደግሞ ሒሳብ ስከፍት ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ «ዛትስ ዩ» አለችኝ። ቃል በቃል ብትወስዱት «ያ አንተ ነህ» እንደማለት ነው። ከእኔ ቀድሞ የተስተናገደው ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ይህንኑ ተብሎ መስኮቱ ፊት ቆሞ ቀርቶ ነበር። ጉዳዩ አልቋል፣ መሄድ ይችላል ማለት ነበር።

የቀጠሮው ነገር ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። አማካሪዬ በመጀመሪያው ሳምንት «ዘ ባክ ኦቭ ናይን» ና አሉኝ። ሲስተር ይህን አባባል ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል» ብለው ፈትተውልን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማለት ነው። በሰዓቱ ደረስኩ። አብሮኝ የተመደበው ልጅ ከሦስት ሰዓት በፊት መስሎት ማልዶ መጥቶ ኮሪደር ላይ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት።

ሲስተር ኳስም ያስተምራሉ፤ ለዚያውም በደንብ። የቢቢሲ ሬዲዮ ስኮትላንድን የእግር ኳስ ውይይት ከፍተው፣ የተናደደ ደጋፊ ስልክ ደውሎ ሲጮህ ያሰሙናል፤ ያንን የሰማ ጆሮ ምንም አያቅተውም። ከዚያ ምክር ይከተላል። ግላስጎው ውስጥ «የማን ደጋፊ ነህ?» የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ ሃይማኖትን የመጠየቂያ መንገድ ነው፤ ሴልቲክ ከካቶሊኮች፣ ሬንጀርስ ከፕሮቴስታንቶች ጋር ስለሚያያዙ። የአገሩ ሰው በቀልድ ለማምለጥ የከተማዋን ሌላ ክለብ ጠርቶ «ፓርቲክ ቲስል» ይላል። አንዱ ልጅ «እኔ ቅዱስ ጊዮርጊስ እላለሁ» ሲል ሲስተር ራሳቸውን ያዙ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ነው፤ የስኮትላንድ እንድርያስ ነው። ለጊዜው ኢትዮጵያ ቡና ሁን ተብሎ ተፈረደበት። «እንግሊዝ አገር ልሄድ ነው» የሚል ተማሪም እዚያው ይታረማል። ጎንደር ድረስ የመጣው ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እንኳ ስኮትላንዳዊ እንጂ እንግሊዛዊ እንዳልነበረ ያስታውሱታል።

ጉድለታቸውንም ልናገር፤ ይህ ጥቆማ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። የምስክር ወረቀት አይሰጡም። እንግሊዝኛ ለጀማሪ አያስተምሩም፤ ለፈተና ዝግጅትም አትሂዱባቸው። ወጋቸው ረጅም ነው። ስለ አንድ ቃል ሲጀምሩ ስለ አንድ ታማሚ ታሪክ ይጨርሳሉ፤ የቸኮለ ሰው ይበሳጫል። ያረፈደ ተማሪ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ክፍያቸው ከየትኛውም የቋንቋ ትምህርት ቤት ያነሰ ነው። መክፈል ላልቻለ ልጅም ቡናውን አፍልቶ ሲኒ ካጠበ ይበቃቸዋል፤ እንዲህ የተማረ አውቃለሁ።

ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን ሲያነቡልዎት «ቶሎ አቁመው» እንደሚሉ አውቃለሁ።

የትምህርት ዘመኑ እዚህ የሚጀምረው በመስከረም ስለሆነ፣ ቪዛ እስኪወጣ ሳትጠብቁ በክረምቱ መጀመሪያ ብትመዘገቡ ይሻላል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የምትሄዱበትንም ከተማ አብራችሁ ጻፉ። በተለይ ወደ አበርዲን የምትሄዱ ቀድማችሁ አሳውቁኝ። በዚያ በኩል ያለው አነጋገር ዶሪክ ይባላል፤ «ዋት» የሚለው «ፊት» ይሆናል፣ «ዌር» ደግሞ «ፋር»። ሰላምታቸው «ፊት ላይክ?» ነው። «ፉስ ዬር ዱስ?» ብለውም ይጠይቃሉ፤ እርግቦችህ እንዴት ናቸው እንደማለት ነው። መልሱ «ኣይ ፔኪን» ነው፣ ሁልጊዜም እየለቀሙ ናቸው። ከብቱን ሁሉ እየጠየቀ ሰላም ለሚባባል የገጠር ሰው ልጅ ይህ አይከብደውም፤ ግን ሲስተር ለአበርዲን ተማሪዎች የሚጨምሩት የራሱ ክፍለ ጊዜ አለ፤ ለዚያ ደግሞ ቀን መያዝ አለባቸው።