ለለገጣፎው የድምፅ ባለሙያ፦ የአባቴን በገና እንደ ክብሩ ስለቀረጽህልን እግዚአብሔር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት የሚጫወት አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፣ ድምፁን ለልጅ ልጅ ለማስቀመጥ የምታስቡ ሁሉ እኛ የተንገላታነውን እንዳትንገላቱ ለመጠቆምም ነው። ለገጣፎ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ተራ የመኖሪያ ግቢ ጓሮ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ የከፈተ ወጣት አለ። ሥራውን ያውቃል፣ ሰው ያከብራል። ጽሁፉ ረዝሞባችሁ መጨረስ ባትችሉ እንኳ ይህችን ያዙልኝ፦ ወደ እሱ ሂዱ።

አባቴ በገና ይደረድራሉ። ለገንዘብ ደርድረው አያውቁም። በሁዳዴ ጾም ማታ ማታ፣ እራት ከተነሳ በኋላ፣ መብራቱን ዝቅ አድርገው ይቀመጡና ይጀምራሉ። እኛ ልጆቻቸው ፊደል ሳንቆጥር የዚያን በገና ድምፅ ለይተን እናውቅ ነበር። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በብርድ ጊዜ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ይሏቸዋል። ውጭ አገር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስልክ በደወለች ቁጥር «ጉልበት ሳያንሳቸው አስቀርጿቸው» ስትለን ቆየች። እኛም ቀላል ነገር መስሎን ተነሳን።

ያየነውን አበሳ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማዋረድ አልተነሳሁም። ነገር ግን መሃል ከተማ፣ በመስታወት በር፣ በለስላሳ ወንበርና በሚያብረቀርቅ ዕቃ የተሞላ አንድ ቤት ገባን። የተቀበለን ልጅ አባቴ አንድ ጊዜ እንደ ደረደሩ አቋረጣቸውና «ይሄ የሚነዝረው ምንድን ነው? ተበላሽቷል እንዴ?» አለ። አባቴ በትዕግሥት አስረዱት። በገና አሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩን በሚሸከመው ብርኩማ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ ከእሱ የሚመጣ ነው፤ በገናን በገና ያሰኘውም እሱ ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። የገባው መስሎን ነበር።

ሥራውን ሲያስረክበን ግን «ጫጫታውን በኮምፒውተር አጽድተንላችኋል» አለን፤ እንደ ትልቅ ውለታ። እቤት አምጥተን ከፈትነው። እንዚራው የለም። ከድምፁ ተፍቆ ወጥቷል። የቀረው ደረቅ፣ ነፍስ የሌለው የክር ምት ነው። አባቴ እስከ መጨረሻው በዝምታ አዳምጠው «ይህ የማን በገና ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በገናቸውን ከልብሱ አላወጡትም፤ የዚያ ዓመት ሁዳዴ ቤታችን ውስጥ በዝምታ አለፈ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ሞከርን። እዚያ «ድምፁና በገናው ለየብቻ ካልተቀዳ አይጠራም፤ መጀመሪያ ይምቱ፣ ቀጥሎ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይዘምሩ» አሉን። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋቸውንና ጣታቸውን ለይተው አያውቁም። ሲዘምሩ ጣታቸው አውታሩን ይፈልጋል፤ ሲደረድሩ ከንፈራቸው ይከተላል። ሲሳሳቱባቸው ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው በማይክሮፎን «ሽማግሌው፣ እንደገና!» ይላል። «አባቴ» አይል፣ «አባባ» አይል፤ ሽማግሌው! በየመሃሉ «ሰዓቱ እየሄደ ነው» የሚል አለ፤ ክፍያው በሰዓት ነዋ። ያም ሁሉ ሆኖ የተቀዳው ድምፅ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር፤ «ሰ» እና «ሸ» ባሉ ቁጥር ውሃ የነካው የጋለ ዘይት ይመስል ይንጫጫል። ገንዘባችንን ከፍለን፣ አባታችንን አስከፍተን ተመለስን።

የለገጣፎውን ልጅ የጠቆሙን የሰፈራችን የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪዎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። አባቴ በመጀመሪያ እሺ አላሉም። ለምነን፣ አስለምነን ወሰድናቸው።

ባለሙያው መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ቅድሚያ የጠየቀው «አባባ፣ በገናውን ልያዝልዎት ወይስ ራስዎ ይይዙታል?» ብሎ ነው። አባቴ ራሳቸው ያዙት። ገብተን እንደ ተቀመጥን አንድም ማሽን አልነካም። «ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይደርድሩ፤ እኔ ዝም ብዬ ልስማ» አላቸው። ከዚያ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጆሮውን ድምፁን ወደሚያጎላው የበገናው ሳጥን፣ ወደ ገበቴው አስጠጋ፣ ቆየ። ቀስ ብሎ ወደ ብርኩማው ዞረ፣ ቆየ። በጉልበቱ እየሄደ ትንሽ ራቅ አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ወደ ጀርባቸውም ዞረ። አባቴ ሲጨርሱ እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ «አባባ፣ እንዚራው እንዴት ያለ ነው! እርስዎ ነዎት ያስተካከሉት?» አላቸው።

የአባቴን ፊት ብታዩት! ሌላው ተበላሽቷል ብሎ ፍቆ የጣለውን ነገር ይህ ልጅ ለይቶ ሰማው፣ አደነቀው፣ ባለቤቱንም ጠየቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አባቴ «ልጄ» ይሉት ጀመር። ቆዳውን ከምን እንደ ቆረጡት፣ እንዴት ወዲያና ወዲህ እያሉ ቦታውን እንደሚያገኙለት፣ በገናውን ከማን እንደ ወረሱት ያጫውቱት ገቡ። ልጁ ሁሉንም ሰማ። ሰዓት የሚቆጥር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ማይክሮፎኑን ያመጣው። ከእንጨት ሳጥን አወጣው፤ ከሳጥኑም ወጥቶ በጨርቅ ከረጢት ተሸፍኖ ነበር። እቦታው እስኪተከል ከረጢቱን አላወለቀውም። ሪቦን ማይክሮፎን ይባላል አለን። አብሮን የመጣው የእህቴ ልጅ እንደ ልጅ ወግ «እፍ» ሊልበት ሲጠጋ ባለሙያው መዳፉን በማይክሮፎኑ ፊት ዘርግቶ በፈገግታ ከለከለው። ውስጡ ያለው ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ የአሉሚኒየም ቅጠል ነው፣ በማግኔት መካከል ተንጠልጥሎ በድምፅ ይርገበገባል፣ ትንፋሽና ንፋስ ሊለጥጠው ወይም ሊቀድደው ይችላል ብሎ አስረዳው። ልጁም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀኑን ሙሉ ጠባቂ ሆኖ ዋለ።

ስለ ኤሌክትሪኩ የነገረንን ሁሉ ተረድቻለሁ አልልም። አንድ ነገር ግን ያዝኩ። ለሌሎች ማይክሮፎኖች የሚላክ 48 ቮልት አለ፤ ይህኛው አያስፈልገውም፤ ገመዱ ችግር ካለበትም ያን ቀጭን ቅጠል ሊጎዳው ስለሚችል ከመሰካቱ በፊት መጥፋቱን ደጋግሞ አየ። ለአባቴ ደግሞ የዕቃውን ታሪክ አጫወታቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሲመንስ በሚባለው ኩባንያ የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች እንደ ፈጠሩት፣ በ1930ዎቹ አሜሪካኖቹ አርሲኤ የሚባለው ኩባንያ እየሠራው በየሬዲዮ ጣቢያው እንደ ተተከለ፣ ቢቢሲም የራሱን እንዳሠራ። አባቴ በሬዲዮ ያረጁ ሰው ናቸውና በጣም ተገረሙ።

ያቺ ሁለተኛዋ ስቱዲዮ አይቻልም ያለችውን ነገር የፈታልን በዚሁ ማይክሮፎን ነው። ማይክሮፎኑ በፊቱና በኋላው ይሰማል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ግን አይሰማም አለን። እኔ አላመንኩም። የጆሮ ማዳመጫውን አባቴ ጆሮ ላይ አደረገላቸውና እየተናገረ ማይክሮፎኑን ዞረው። ከፊት ሲናገር አባቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ወደ ጎን ሲደርስ «ጠፋህ!» አሉ፤ ከኋላ ሲወጣ «መጣህ!» አሉ። ሁላችንም ተራ በተራ አደረግነው። ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ በገናው አዙሮ፣ መስሚያ የሌለው ጎኑ ወደ አባቴ አፍ እንዲሆን አድርጎ ተከለው፤ ለድምፃቸው ሌላ ማይክሮፎን አቆመ። አባቴ እንደ ልማዳቸው እየዘመሩ ደረደሩ። ማንም «ለየብቻ» አላላቸውም። ያለ መለያየት ተቀዳ፣ ጠርቶም ተቀዳ!

በጣም አላስጠጋውም፤ ክንድ ያህል አራቀው። ሪቦን ማይክሮፎን ሲቀርብ ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ ያወፍረዋል፣ በገና ደግሞ ራሱ ወፍራም ነው፣ ከተጠጋ ይታፈናል አለ። ኋላውም ስለሚሰማ ከማይክሮፎኑ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለ። ማቀዝቀዣውን ነቀለ። ጎረቤት ያለው የብረት ብየዳ ቤት ሲጀምር ወጥቶ አነጋገራቸውና እስክንጨርስ ሥራቸውን አዘገዩልን። ለእነሱም ምስጋናዬ ይድረስ። ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ «አባባ፣ ትንሽ እንረፍ» ይላል እንጂ «ተበላሸ» አይልም። አባቴ መኪና ለማሳለፍ ሳይሆን በእውነት ለማረፍ የተባሉ መስሏቸው ነበር።

ተቀድቶ ሲያልቅ በትልቁ ድምፅ ማጉያ አሰማን። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እንዚራው አለ፤ እያንዳንዷ ንዝረት አለች፤ ግን ጆሮ አይወጋም። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። አባቴ ምን አሉ መሰላችሁ? «ሦስተኛው አውታር ትንሽ ወርዷል። ልቃኘውና እንደገና እንያዘው።» ባለሙያው ሌላ ክፍያ አላነሳም፣ ፊቱም አልጠቆረም። «እኔም ጠርጥሬ ነበር አባባ፣ እርስዎን መጠበቄ ነው» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። አባቴ ተረጋግተው ቃኙ፣ እንደገና ደረደሩ፤ ዛሬ ቤታችን ያለው ያ ሁለተኛው ነው።

የአጎቴ ልጅ ሙዚቃ ይሞካክራልና «እኔም ይህን ማይክሮፎን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀው። ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ያሞካሽለት ነበር። እሱ ግን «አትቸኩል። ይህ ማይክሮፎን የሚያወጣው ድምፅ ደካማ ነው፤ ከመቀዳቱ በፊት በሚያጎላው ጥሩ ማጉያ ካልታገዘ የምትሰማው ሹክሹክታና እሽታ ነው። ክፍልህም ካላማረ ከኋላው የክፍልህን ጉድ ሁሉ ይቀዳልሃል። መጀመሪያ ክፍልህንና ማጉያህን አስተካክል። ደግሞ ለሁሉም አይሆንም፤ ድምፁ ብሩህ ሆኖ እንዲወጣ የሚፈልግ ዘፋኝ ሌላ ዓይነት ይሻለዋል። ለማሲንቆ፣ ለበገና፣ ለነፋስ መሣሪያ፣ ሹል ድምፅ ላለው ነገር ግን ወዳጅ ነው» አለው። የገዛም ቢሆን ማይክሮፎኑን የብረት ብናኝ ካለበት ቦታ እንዲያርቀው፣ ማግኔቱ ብናኙን እንደሚስብ ነገረው። የራሱን ሁልጊዜ ሸፍኖ የሚያስቀምጠው ለዚህም ጭምር ነው፤ ጎረቤቱ ብየዳ ቤት ነዋ። ገንዘብ የማያገኝበትን ምክር እንዲህ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ስንት አለ?

ክፍያውን ገና ሳንጀምር ነግሮን ነበር፤ ስንጨርስም ያው ነው፤ አልጨመረም። ሥራውን በፍላሽ ሰጠን፤ ትልቁን ዋና ቅጂ ለብቻ፣ በቴሌግራም የሚላከውን ትንሹን ለብቻ። «ዋናውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ትንሹን ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ» ብሎ አስጠነቀቀን። እህቴ እዚያው ማታውን ሰምታ ደወለች፤ ከአባቴ ጋር ምን እንደ ተነጋገሩ አላውቅም፤ ረጅም ጊዜ አወሩ። እናቴ እግሯን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም፤ ቀን ቀን አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሱን ከፍታ ጥጥ ትፈትላለች። አባቴም ደግሞ በገናቸውን ከልብሱ አውጥተዋል። ለዚህ ውለታ ምን ይከፈላል? እድሜና ጤና ይስጥህ ወንድሜ፤ የልጅህን ወግ ያሳይህ።

እባካችሁ፣ አባትና እናት ያላችሁ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። የገጠር ዘመድ ለበዓል ሲመጣ፣ ማሲንቆ የሚያውቅ አጎት ለለቅሶም ቢሆን ከተማ ሲገባ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ስልኩንና አድራሻውን ያለ ፈቃዱ እዚህ መለጠፍ አልወደድኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ከመገናኛ የለገጣፎ ታክሲ ይዛችሁ ወርዳችሁ ብትደውሉለት ራሱ ወጥቶ ይቀበላችኋል። ጠዋት ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ ብየዳው ይጀምራል። ለጾሙ ወራት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ያን ጊዜ ዘማሪዎች ስለሚበዙበት ወረፋ አለው። በገና የምትወስዱ አውታሩን ከዋዜማው ቀይሩት እንጂ እዚያ ደርሳችሁ አትቀይሩ፤ አዲስ አውታር ቅኝቱ ቶሎ አይረጋም፤ ይህን ጨምሪበት ያሉኝ አባቴ ናቸው።