ከስምንት ወር በኋላ፦ የኬክ ዕቃዎቼ የትኞቹ ሠሩ፣ የትኞቹ አቧራ ለበሱ

ኬክ መጋገር የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። በአንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ኦቨን፣ የእጅ ሚክሰር፣ «አያጣብቁም» የተባሉ ሦስት የኬክ ቅርጾችና ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። ቴርሞሜትሮቹ የመጡት በኋላ ነው፤ ብዙ ዱቄት ከባከነ በኋላ። አሁን ግንቦት ነው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ በሳምንት ሁለቴ ያህል እጋግራለሁ።

ከኦቨኑ ልጀምር። 30 ሊትር ነው፣ 1,500 ዋት። ለአንድ ቤተሰብ ኬክ ይበቃል። ችግሩ ውሸታም ነው። ማዞሪያውን 180 ላይ ሳደርገው ውስጡ 150 ነው። ይህን ያወቅኩት በሦስተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ኬኩ መሃሉ ሊጥ እንደሆነ ሲወጣ አንዴ ዱቄቱን፣ አንዴ እንቁላሉን፣ አንዴ ራሴን ስወቅስ ነበር። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር አገኘሁና ነገሩ ተገለጠ። «ሞቋል» የምትለው መብራት በ6 ደቂቃ ትጠፋለች፤ እውነተኛው ሙቀት ግን 20 ደቂቃ ይፈልጋል።

ትንሽ ኦቨን ስለሆነ ደግሞ የላይኛው ማሞቂያ ለኬኩ ቅርብ ነው። ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። መደርደሪያውን አንድ ደረጃ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ላዩን በፎይል እሸፍናለሁ። በቃ።

ስለ መብራት ካነሳን፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኦቨኑን አልነካውም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ብሬከሩ ይወርዳል። አንዴ ደግሞ ኦቨኑን በተራ ኤክስቴንሽን ሰክቼው ሶኬቱ ቀልጧል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። መብራት መሃል ላይ ሲሄድስ? በሩን አትክፈቱ፣ ጸልዩ። ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ ያ ኬክ የሻይ ብስኩት ይሆናል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ዋጋው የኦቨኑን አንድ አስረኛ እንኳ አይሆንም፣ ግን ኬኬን ያዳነው እሱ ነው። እማዬ መጀመሪያ ስታየው ሳቀች። «ዱቄት ደግሞ እንደ ወርቅ ይመዘናል እንዴ?» አለችኝ። እሷ ድፎ ዳቦዋን በዓይኗ ለክታ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ስትጋግር አንድ ቀን ተበላሽቶባት አያውቅም። እኔ ግን እማዬ አይደለሁም። አንድ ቀን ለማረጋገጥ ያህል አንድ ኩባያ ዱቄት ከከረጢቱ ዝቄ መዘንኩት፤ 155 ግራም። ያንኑ ኩባያ በወንፊት ነፍቼ በማንኪያ ስሞላው 120። ለሦስት ኩባያ ልዩነቱ ከ100 ግራም ያልፋል። ኬኬ ለምን አንድ ቀን እንደ ጥጥ፣ አንድ ቀን እንደ ጡብ እንደሚሆን ያኔ ገባኝ።

እንቁላልም እንደዚሁ። የፈረንጅ አሠራር «3 እንቁላል» ሲል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ትልቁን ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በጣም ያንሳል። አሁን ሰብሬ 150 ግራም እስኪሞላ እጨምራለሁ፤ አራትም ይሁን አምስት።

የምንኖርበትን ከፍታም አትርሱት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ያለ ልክ ይነፋና ኬኩ ኩፍ ብሎ፣ ሳይጸና መሃሉ ይሰረጉዳል። እኔ ከተጻፈው ሩቡን እቀንሳለሁ፤ ሁለት ማንኪያ ካለ አንድ ተኩል። ሙቀቱን 10 ዲግሪ ከፍ፣ ፈሳሹንም በሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፍ።

ይህ ከፍታ በጣም ያሸወደኝ በዳቦ ነው። ባለ መርፌ ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ ዳቦው ውስጥ ተወግቶ መብሰሉን የሚናገር። መመሪያው ውስጡ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላል። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ 92 ላይ ቆመ። ዳቦው ድንጋይ ሆነ። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ብነክረው አሁንም 92! ለካስ እዚህ ውኃ የሚፈላው እዚያው 92 አካባቢ ነው። እርጥበት ያለው ዳቦ ከዚያ ወዲያ አይሞቅም። አሁን 90 ሲል አወጣዋለሁ።

ሚክሰሩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ተቀምጧል። ስገዛው የቀን መቁጠሪያ አላየሁም። የነቢያት ጾም መጣ፣ ከዚያ 55 ቀን ሁዳዴ። ሁለቱ ብቻ ከሦስት ወር በላይ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብን ሳንቆጥር። የጾም ኬክ ደግሞ የሚመታ እንቁላልም ቅቤም የለው። ዘይት፣ ስኳር፣ ውኃ፣ ዱቄት፣ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ማንኪያ አቼቶ፤ እንዲያውም ብዙ ከተመታ ይደርቃል። ሹካ ይበቃዋል። ለፋሲካ አንዴ አውጥቼው እንቁላል መታሁበት። እጅ አያደክምም፣ እውነቱን ለመናገር።

«አያጣብቁም» የተባሉት ቅርጾች በሁለት ወር ተላላጡ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ኬኩን በቢላ ስፈለቅቅ ነበር። በምትካቸው 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ አሉሚኒየም ገዛሁ፣ ከሥር ወረቀት አነጥፋለሁ። ጥቁሮቹ የኬኩን ቂጥ ያሳርሩ ነበር፤ ይሄኛው ነጭ ስለሆነ እኩል ያበስላል። መርካቶ ምናለሽ ተራም፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ ዕቃ ከሚሠሩት ዘንድ፣ ትሪ አሠርቼ ነበር፣ ጠንካራ ነው። ቆርቆሮው ቀድሞ ምን እንደነበር ስለማላውቅ ግን ያለ ወረቀት አልጠቀምበትም።

ዛሬ ብጀምር ኦቨን፣ ሚዛን፣ የኦቨን ቴርሞሜትር፣ አንድ አሉሚኒየም ቅርጽ። ወንፊትና ጎድጓዳ ሳህን ቤት አይጠፋም።

የኦቨኑ ማዞሪያ በስድስተኛው ወር ተነቅሎ ወደቀ። የሸጠልኝ ሰው «መለዋወጫ የለውም» አለኝ። አሁን በፒንሳ ነው የማዞረው። ቁጥሮቹም ከማዞሪያው ጋር አብረው ሄደዋል። ቴርሞሜትሩን እያየሁ ስለምጋግር ግን አልናፈቁኝም።