ሚኒሞ ለሚንቀጠቀጥ ሞተር፦ ቫኪዩም ጌጅ፣ ኮድ ማንበቢያ ወይስ የካርቡሬተር ማጽጃ?

ቫኪዩም ጌጅ ሞተሩ አየር ሲስብ ያለውን የመሳብ ኃይል በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ ዕቃ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፊቱ ላይ ከ17 እስከ 21 ያለው ክፍል አረንጓዴ ተቀብቶ ይመጣል፤ «መርፌው እዚህ ካረፈ ሞተሩ ጤነኛ ነው» ማለቱ ነው። ቀለሙ ግን የተቀባው ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ መኪና ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ በ1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) የሚያሳየው ከ10 እስከ 14 ኢንች ሜርኩሪ ነው። ሐዋሳ ላይ ከ11 እስከ 15፣ ድሬዳዋ ላይ ከ13 እስከ 17 ይጠብቁ። አሜሪካ ዴንቨር ለሚኖር ወገን ደግሞ ከ12 እስከ 16 ነው። ይህን ሳያውቁ መርፌው 12 ላይ ቆሞ ሲያዩ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማስወረድ በጣም ያሳዝናል። 12 እዚህ ጤነኛ ንባብ ነው፤ ንባቡ በእርግጥ ቢያንስም እንኳ ችግሩ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህን እርማት ከያዙ ግን ለአሮጌ መኪና ከጌጁ የተሻለ ዕቃ የለም። ካርቡሬተር ላላቸው ለዲኤክስ ኮሮላና ለላዳ ኮምፒውተር የሚነግረን ነገር ስለሌለ ምርጫው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሲገዙ ከኢንች ሜርኩሪ ጎን ኪሎፓስካልም የተጻፈበትን፣ «ቲ» ቅርጽ ያለው ማገናኛና የተለያየ ውፍረት ያላቸው ጫፎች አብረውት ያሉትን ይምረጡ። ጫፎቹ ልካቸው ካልሆነ ጌጁ ራሱ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ይሆናል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱቦው መግባት ያለበት ከስሮትሉ (አየር ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ክዳን) በኋላ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ነው። ከስሮትሉ ፊት ካለው ቀዳዳ ከተገናኘ በሚኒሞ ዜሮ አካባቢ ስለሚያሳይ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ኤሲና መብራት ይጥፉ፣ ከዚያ ይነበብ። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ከሚጠበቀው 3 ወይም 4 ኢንች ዝቅ ብሎ ከቆመ አየር መሳብን (ከስሮትሉ በኋላ ባለ ቀዳዳ ያልተፈለገ አየር መግባቱን) ወይም የዘገየ ታይሚንግን (ካንዴላው ዘግይቶ መፈንጠቁን) ይጠርጥሩ። በእኩል ልዩነት ደጋግሞ ወደ ታች ከዘለለ ችግሩ አንድ ሲሊንደር ላይ ነው፤ ካንዴላ ወይም ቫልቭ። በሚኒሞ በፍጥነት እየተንቀጠቀጠ ነዳጅ ሲሰጠው ከረጋ የቫልቭ ጋይዶቹ (ቫልቮቹ የሚንሸራተቱባቸው ቱቦዎች) አልቀዋል። ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ተይዞ መርፌው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ደግሞ ማርሚታው ወይም ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ተደፍኗል። አንድ ርካሽ ዕቃ ይህን ሁሉ መለየቱ ሊደነቅ ይገባል። የማይነግረን አየር የሚገባበት ቀዳዳ የቱ ጋ እንዳለ ነው።

የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ ስልክ ላይ የሚያሳየው፣ ኤልኤም 327 የሚባለው የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ የመርማሪነት ሥራው ጥሩ ነው፤ የሚገዙት ሰዎች ግን ኮድ ማጥፊያ አድርገውት ይቀራሉ። ዋናው ጥቅሙ ኮዱ አይደለም። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለው ኮድ «ነዳጁ ከአየሩ አንሷል» ከማለት አያልፍም። ቶርክ ወይም ካር ስካነር የተባሉትን የስልክ መተግበሪያዎች ከፍተው የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስንት በመቶ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ)፣ የአጭር ጊዜውንም የረጅም ጊዜውንም፣ በቀጥታ ይከታተሉ። የሁለቱ ድምር ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ጤና ነው፤ ከ10 በላይ ሲሆን ምርመራ ይጀመራል። በሚኒሞ 18 ወይም 20 ሆኖ 2,500 ዙር ላይ ወደ 3 ወይም 4 ከወረደ አየር ይስባል ማለት ነው፤ ዙሩ ሲጨምር የሚገባው አየር ስለሚበዛ የቀዳዳዋ ድርሻ ያንሳል። ዙር ሲጨምር አብሮ ከጨመረ ግን ቱቦ መፈለግ ትርፍ የለውም፤ የነዳጅ ፓምፑን፣ የነዳጅ ፊልትሮውንና የአየር ፍሰት ሴንሰሩን መመልከት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የአየር ፍሰት ሴንሰር ያለው ሞተር በሚስበው አየር ይንቀጠቀጣል፣ ማስተካከያውም ይጨምራል። ፍሰት ሳይሆን የማኒፎልድ ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው ሞተር ግን የገባውን አየር በግፊቱ ስለሚያውቀው ነዳጁን ይመጥንለታል፤ ምልክቱ ያለ ምክንያት ከፍ ያለ ሚኒሞ ይሆናል። ስለዚህ «ማስተካከያው ደህና ነው፣ አየር አይስብም» ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ማንበቢያውን ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን ዘመንና የመጣበትን ገበያ ያረጋግጡ። ከ2008 በፊት ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ ባለ 16 ፒን ሶኬት ቢኖራቸውም የሚናገሩት በራሳቸው መንገድ ስለሆነ ተራው ኤልኤም 327 አይግባባቸውም። ሻጩ «ሶኬቱ ገብቷል» ቢልዎ በቂ አይደለም፤ መኪናው ላይ ሰክተው ዙሩ ስልክዎ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳያዩ አይክፈሉ። አይፎን የያዘ ሰው ደግሞ የተለመደው የብሉቱዝ ዓይነት ስለማይሠራለት ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ 4.0 ያለውን ይግዛ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ብዙ ሰው የሚጠቀመው የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ይሠራል፤ ሆኖም እሳት ነው። ማርሚታው በጋለበት፣ የካንዴላ ገመድ በሚፈነጥቅበት ቦታ ፈጽሞ አይረጭ፤ እሳት ማጥፊያም አጠገብ ይኑር። ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ በምትኩ መጠቀም የባሰ ነው፤ ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በቀጭኑ ቱቦ ለ1 ወይም 2 ሴኮንድ ብቻ እየረጩ 10 ሴኮንድ ይጠብቁ፦ የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን መርገጥን የሚያቀለው ዕቃ) ቱቦ ሁለት ጫፎች፣ የስሮትሉ መቀመጫ፣ የማኒፎልዱ ጋስኬት፣ የኢንጀክተሮቹ ጎሚኒዎች፣ ከቴስታታው ጭስ የሚመልሰው ቱቦ። ሚኒሞው ከተለወጠ ደርሰውበታል። በኮምፒውተር ሞተር ላይ የዙሩ ለውጥ ላይሰማ ስለሚችል ጆሮ አይታመንም፤ የአጭር ጊዜ ማስተካከያው በድንገት ሲወርድ ማየቱ ይበልጣል። ማጽጃውና ኮድ ማንበቢያው አብረው ሲሠሩ ነው ጉልበት ያላቸው። ማጽጃውን ለሚፈራ ሰው ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ውሃው ቀዳዳዋን ለቅጽበት ሲዘጋት ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል።

ስፕሬይ የማይደርስባቸውም አሉ። የሰርቮው ውስጠኛ ጎማ ከተቀደደ ከውጭ ምንም አይገኝም፤ ፍሬን ሲረገጥ ሚኒሞው ከተለወጠና ፔዳሉ ሥር የፉጨት ድምፅ ካለ እሱ ነው። የሰርቮውን ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ሞተሩ ከረጋ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። ከዚህ ያለፈውን የሚያገኘው የጭስ መፈተሻ ማሽን ነው። ለቤት ግን ውድ ነው፤ ጋራዥ አስገብቶ ማስፈተሽ ይሻላል። ግፊቱ ከ1 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ ያስጠንቅቁ፤ ከበለጠ ጤነኛውን የዘይት ማኅተም ይገፋዋል።

ምርጫው በመኪናው ይወሰናል። ኤልኤም 327 ለሚግባባው መኪና ማንበቢያው ይቅደም፤ ለአሮጌው ቪትዝ፣ ለዲኤክስና ለላዳ ጌጁ ይቅደም። ማጽጃው ለሁሉም ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን ግምት ነው። ዙሩ ረግቶ መኪናው ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም አያስፈልጉም፤ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ አልቋል።

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ ሲሊኮን መለጠፍ አያዛልቅም፤ ቤንዚን ያላላዋል፣ ሞተሩም ቁራጩን ይስበዋል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ቱቦ ይዘው ይሂዱና የውስጥ ስፋቱን ያመሳስሉ። የውሃ ቱቦ አይተካውም፤ ሞተሩ ሲስበው ተጨፍልቆ ይዘጋል፣ የዘይት ጭስም ይበላዋል። ከተገጠመ በኋላ ኮዱን አጥፍተው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይንዱት፤ የረጅም ጊዜ ማስተካከያው እንደገና ከ5 በላይ ከወጣ ሌላ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል።