የልጄን የትምህርት ቤት በር ለከፈተችልን እህት የቀረበ ምስጋና፣ ለአዲስ መጤ ወላጆችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ልጄ በምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጆች አስተባባሪና የአማርኛ አስተርጓሚ ሆና የምታገለግለውን እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በቅርቡ ወደዚህ አካባቢ የመጣችሁ ወላጆችም እንደ እርሷ ያሉ ሠራተኞች መኖራቸውን ሳታውቁ እንዳትቀሩ አደራ ለማለት ጭምር ነው። ስሟን ያልጠቀስኩት እርሷ «ሥራዬ ነው፤ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል» ብላ ስላልፈቀደችልኝ ብቻ ነው።

እኔና የሰባት ዓመት ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባነው እ.ኤ.አ. በ2025 ትምህርት ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ እናቷ ጉዳይዋ ገና ስላላለቀ አዲስ አበባ ቀርታ ነበር። ያረፍነው በዘመድ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ከተማዋ ለአበሻ ባዕድ አይደለችም፤ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በቅርብ አለ፤ ምክር የሚሰጥ ሰውም አይጠፋም። የልጅ ምዝገባ ግን በሰው ወሬ የሚያልቅ ጉዳይ አልሆነም። አንዱ የቤት ኪራይ ውል በስምህ ከሌለ አይቀበሏትም ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ እንግሊዝኛ ካልቻለች አንድ ክፍል ዝቅ ያደርጓታል እያለ ያስፈራራኝ ነበር። ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ትምህርት ቤቱን ለመጠየቅ በሄድኩበት ቀን፣ ከቢሮው ሠራተኛ ጋር ለመግባባት ስቸገር ከጀርባዬ ሆና የሰማችን ይህች እህት «ወንድሜ፣ ይቀመጡ፤ በአማርኛ እንነጋገር» አለችኝ።

በሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ቤተሰብ የሚሞላው የጋራ መኖሪያ ቅጽ እንዳለ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ምዝገባም ሮክቪል በሚገኘው የካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል እንደሚፈጸም፣ ወደዚያ የሚወስደው ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስም ክፍያ እንደሌለው ያወቅሁት ከእርሷ ነው።

የክትባት ካርዱን ነገር ግን በዝርዝር ልናገር፤ ብዙ ወላጆች እንደሚቸገሩበት አምናለሁና። ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፓስፖርቷ ላይ ይህ ቀን ኦክቶበር 22፣ 2017 ተብሎ ሰፍሯል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የክትባት ካርድ ግን በሙሉ የተሞላው በእኛው አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 14 ቀን 2010 የተወጋችው የኩፍኝ ክትባት በካርዱ ላይ 14/11/2010 ተብሎ ስለተጻፈ፣ ቀደም ብዬ ያሳየሁት ሰው ኖቬምበር 2010 ብሎ አንብቦት ልጅቷ ከመወለዷ ሰባት ዓመት ገደማ አስቀድሞ እንዴት ተከተበች በማለት ካርዱን መልሶልኝ ነበር። ይህች እህት ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የፈረንጁን ቀን በእርሳስ በሌላ ወረቀት ላይ እየጻፈች፣ እኔም እያንዳንዱን እንዳረጋግጥ እየጠየቀች ሁሉንም ለወጠችው። ከዚያም በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት እዚህ እንደማይቆጠር፣ የሚቆጠረው ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠው እንደሆነ፣ የጆሮ ደግፍና የጉድፍ ክትባትም እንደሚጠየቅ አስረድታ ቀጠሮ አስያዘችኝ። አዲስ አበባ ያላችሁና ለመምጣት የተዘጋጃችሁ ወላጆች፣ ካርዱን በፈረንጅ ቀን አስተርጉማችሁና ማኅተም አስደርጋችሁ ብትመጡ ከብዙ መመላለስ ትድናላችሁ።

በምዝገባው ወቅት ከሚሞሉት ወረቀቶች መካከል ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታበትን ቋንቋና በቤት የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ አለ። ልጃችንን ወደኋላ ያስቀሩብናል በሚል ሥጋት እዚያ ላይ «እንግሊዝኛ» ብለው የሚጽፉ ወላጆች እንዳሉ እሰማለሁ። እህታችን በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አላት፤ እኔም ነገሩን ካየሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አማርኛ ብሎ በእውነት መጻፍ ልጁን ለእንግሊዝኛ ችሎታ ምዘናና ኢሶል ለሚባለው ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ያበቃዋል እንጂ ከክፍሉ አያወርደውም። ልጄም በዕድሜዋ ልክ ሁለተኛ ክፍል ገብታ፣ በየሳምንቱ ከኢሶል መምህርቷ ጋር ለብቻዋ እየተቀመጠች መማር ጀመረች።

ከሁሉም በላይ ግን ምስጋናዬ ያለው በወላጅና መምህር ስብሰባው ላይ ባየሁት ነገር ነው። እህታችን ከመግባታችን በፊት ደንቡን ነገረችኝ፦ እኔ የምነጋገረው ከመምህርቷ ጋር ነው፤ ወደ መምህርቷ እያየሁ እናገራለሁ፤ እርሷ የተባለውን ሁሉ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ታደርሳለች። መምህርቷ ልጄ በሒሳብ ጎበዝ መሆኗን፣ በክፍል ውስጥ ግን አፏን እንደማትከፍት ነግራኝ፣ አዲስ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ለወራት እያዳመጡ ዝም ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ እንዳልሰጋ፣ ቤት ውስጥም በአማርኛ ማንበቧን እንዳላስተዋት መከረችኝ። ቀጥላም ልጅቷ በአንዳንድ ቀናት የምሳ ሳህኗን ሳትነካ እንደምትመልስና ታማ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀናቱ ረቡዕና ዓርብ ነበሩ። አስተርጓሚዋ ራሷ ጾመኛ ስለሆነች መልሱን እንደምታውቀው ፊቷ ላይ አይቻለሁ፤ ቢሆንም በእኔ ፈንታ አልመለሰችም። ጥያቄውን እንዳለ ወደ አማርኛ መልሳ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ስለ ጾማችን ለልጄ መምህርት ያስረዳሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በእነዚያ ቀናት ወተትና ሥጋ የሌለበት ምግብ እንድታገኝ የተስማማነውም እኔና መምህርቷ ነን። አባትነቴን ማንም አልወሰደብኝም። በእኔ ግምት የጥሩ አስተርጓሚ መለኪያው ይኸው ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አይቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትስል ነበር። ስለ ራሷ የሚነገረውን ለአባቷ እንድታስተረጉም አልተጠራችም። ይህን የማነሳው ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ቋንቋውን ስለሚይዙ በየቢሮው የወላጆቻቸው አፍ ሲሆኑ ስለማይ ነው። ሕፃን ልጅ የእናቱን ሕመም ለሐኪም ማስረዳት፣ የአባቱን የኪራይ ዕዳ መስማት፣ የራሱን ድክመት ከመምህሩ ተቀብሎ ለወላጁ ማድረስ አይገባውም። ኋላ ላይ አንድ የጤና ተቋም በሄድንበት ቀን የመቀበያው ሠራተኛ ወረቀቱን ወደ ልጄ አዙሮ እንድትነግረኝ ሲጠይቃት፣ እህታችን ያስጠናችኝን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ።» ይህም እባክዎ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ በስልክ አስተርጓሚ ቀረበልኝ፤ ልጄም መጽሐፏን ይዛ ተቀመጠች።

ይህ በልመና የሚገኝ ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልሉ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ ድጋፍ ሳይሰጡ ከሌሎቹ ጋር ማስቀመጥ ብቻውን እኩል ትምህርት መስጠት እንዳልሆነ በይኗል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የትምህርት ቤት መረጃዎችን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩም እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ።

ስለዚህ በምትልኩበት ትምህርት ቤት ሁሉ ቢሮ ገብታችሁ አማርኛ የሚናገር የወላጆች አስተባባሪ እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ ለስብሰባው አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ከቀኑ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ በዕለቱ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ይተርጎምልኝ በሉ። ክፍያ የለውም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁንም ማንም እዚያ አይጠይቃችሁም።

አገልግሎቱን ያገኛችሁ ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቁ። እንዲህ ያሉ የሥራ መደቦች በየዓመቱ ከበጀት ጋር የሚታዩ ስለሆኑ፣ የተጠቀመ ወላጅ ዝም ካለ ጥቅማቸውን የሚመሰክር አይኖርም። እኔ ደብዳቤዬን አስገብቻለሁ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጄ እናትም ከአዲስ አበባ ምስጋናዋን አድርስልኝ ብላኛለች፤ ስትመጣም የእንግሊዝኛ ትምህርት የምትመዘገብበትን ቦታ ልጠይቅዎት እንደገና ቢሮዎ እመጣለሁ።