ኦባን ወደብ ላይ «ፓፊን እናሳያችኋለን» ከሚሉ ተጠንቀቁ!

ዩኬ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ልጆች ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ የስኮትላንድ ደሴቶች የጀልባ ቲኬት እንዳትቆርጡ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ልብሳችንም አልደረቀም።

የወደብ ቲኬት ሻጮችን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። መስታወቱ በሙሉ ፎቶ ነው፤ ያቺ ብርቱካናማ ምንቃር ያላት ፓፊን ወፍ፣ አፏን ሙሉ ዓሣ ይዛ። ልጄ ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ወሬዋ ስለ እሷ ብቻ ነው። ስለዚህ «አሁን ኦገስት አጋማሽ ነው፤ ወፎቹ አሉ ወይ?» ብዬ ሻጩን ጠየቅሁት። አፉን ሞልቶ «ምርጥ ጊዜያቸው ነው» አለኝ። ለአራታችን ከፈልኩ።

በፌሪ ወደ ማል ደሴት ተሻገርን። ከዚያ እስከ ፊዮንፎርት መንደር ድረስ ያ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ከነዝናቡ። ሰመር ይሉታል እንጂ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በትንሿ ጀልባ ወደ ስታፋ ደሴት ስንቃረብ ልጄ «ፓፊኖቹ በየት በኩል ናቸው?» ብላ ሠራተኛውን ጠየቀችው። ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል «ሄደዋል እኮ። ኦገስት ሲገባ ይሄዳሉ፣ በየዓመቱ» አላት። ልጄ ዞራ እኔን አየችኝ።

ማዕበሉ ስላላስወረደን የፊንጋልን ዋሻና እነዚያን ድንቅ የባዛልት ዓምዶች ከጀልባው ላይ ሆነን ነው ያየነው። ለእሱ ማንንም አልወቅስም፤ የአየሩ ነገር ነው። የወፎቹ ጉዳይ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ፓፊን ወደ የብስ የምትመጣው ለመፈልፈል ብቻ ነው፤ አፕሪል ገደማ መጥታ ጫጩቷን ካሳደገች በኋላ ወደ ውቅያኖስ ትመለሳለች። ከዚህ የሚተዳደር ሰው ይህን አላውቅም ሊል?

ተመልሼ ቲኬት ሻጩን ስጠይቀው «እኔ አላሰርኳቸው!» ብሎ ከባልደረባው ጋር ተሳሳቀ። የቲኬቱን ጀርባ ገልብጦ ደቃቋን ጽሑፍ በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ «የዱር እንስሳት ለመታየታቸው ዋስትና የለም» ትላለች። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ከኋላዬ የነበሩት አዛውንት ባልና ሚስት ስለ ወፎቹ ሲጠይቁት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ምርጥ ጊዜያቸው ነው» አላቸው!

ፓፊን ለማየት የምትሄዱ ከጁላይ አታሳልፉ። በካርድ ክፈሉ፤ ሻጩ ያላችሁንም በጽሑፍ ያዙ። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ አምናችሁት የከፈላችሁበትን የቃል ማረጋገጫ የውሉ አካል አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ለባንኬ አመልክቻለሁ።