በአንድ ካሴት ውስጥ የታጨቀ ወዳጅነት

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የስቲቨን ሽቦስኪ ልብ ወለድ «ዘ ፐርክስ ኦፍ ቢኢንግ ኤ ዎልፍላወር»፣ በአሜሪካዋ የፒትስበርግ ከተማ ዳርቻ የሚኖር ቻርሊ የተባለ ዓይናፋር ታዳጊ ማንነቱ ላልተገለጸ ሰው በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች የተዋቀረ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተጻፈው በነሐሴ 1991 ነው። ጓደኛው ራሱን ካጠፋ በኋላ ሁለተኛ ደረጃን ብቻውን የሚጀምረው ቻርሊ፣ ፓትሪክና ሳም ከተባሉ የእንጀራ ወንድምና እህት ጋር ይወዳጃል፤ እነርሱም እንደ እርሱ ከብዙኃኑ ተማሪ ገለል ያሉ ናቸው።

መጽሐፉን ከፍ የሚያደርገው የሙዚቃ አጠቃቀሙ ነው። ቻርሊ ለፓትሪክ የገና ስጦታ ዘፈኖችን መርጦ በካሴት ሲቀዳ፣ «ዘ ስሚዝስ» የተባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ «አስሊፕ» የተሰኘ ዘፈን መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ያስገባዋል፤ ያን ሁሉ ትዝታና ስሜት አንዲት ካሴት መያዟም ያስደንቀዋል። የተፈታ ካሴት በእስክሪብቶ አዙሮ የጠቀለለ አንባቢ ይህን ገጽ በቶሎ አያልፈውም። ሳም በፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ ቆማ በመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ስታልፍና የከተማው መብራት ድንገት ሲገለጥ የሚታየው ትዕይንትም በጥቂት ቃላት ብዙ ይናገራል።

ቅሬታዬ ደራሲው ራስን ማጥፋትን፣ ጥቃትንና አደንዛዥ ዕፅን በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ማጨቁ ነው፤ ዋናው ምስጢር የሚገለጥበት የመጨረሻው ክፍልም የጥድፊያ መልክ አለው። ስለዚህ ለታዳጊ ልጃቸው የሚገዙ ወላጆች አስቀድመው ራሳቸው ቢያነቡት እመክራለሁ።