«ባትሪሽ ሞቷል» ሲሏችሁ ቶሎ ብር አታውጡ

ባሕር ዳር ላይ ስልካችሁን ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ የምትሠሩ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ስልኩ እንደተሰካ ፐርሰንቱ እየወረደ ካስቸገራችሁ ባትሪ ለማስቀየር አትሩጡ። እኔ ሮጬ 3,400 ብር አጥቻለሁ። 2,800 ለባትሪ፣ 600 ለኬብል። ሁለቱም አያስፈልጉኝም ነበር።

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ቤት ሆኜ የትናንሽ ሱቆችን ሒሳብ እሠራለሁ። ቤቴ ኢንተርኔት አልገባም፣ የምጠቀመው የስልኬን ዳታ ነው። በዋይፋይ ከማካፈል በኬብል ማገናኘቱን የመረጥኩት «እግረ መንገዱን ቻርጅ ያደርግልኛል» ብዬ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 80 ፐርሰንት ሆኖ እሰካዋለሁ። ለምሳ ስነሳ 58 ሆኖ አገኘዋለሁ። የመብረቅ ምልክቷ ግን ባትሪው ላይ ቁጭ ብላ ቻርጅ እያደረግኩ ነው ትላለች።

ከተማ መሃል ወዳለ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ። ልጁ ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «እታለም፣ ባትሪሽ ሞቷል። ቻርጅ አይዝም» አለኝ። ምንም አልለካም። በምን ቻርጅ እንደማደርግ እንኳ አልጠየቀኝም። ከመደርደሪያው አንድ ባትሪ አወጣና «ኦርጅናል ነው። እንዲያውም ከድሮው ይበልጣል፣ 6,000 ነው» አለ።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። የስልኬ የፋብሪካ ባትሪ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ ቁጥሩ ባትሪው የሚይዘውን መጠን ነው የሚነግረን። አዲሱ ባትሪ በቁመትም በውፍረትም ያው ነው። እዚያችው ቦታ ላይ 6,000 የሚገባ ቢሆን ኖሮ አምራቹ ራሱ አስገብቶ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጽፈው ነበር። ባትሪ ላይ ቁጥር ማተም ደግሞ ቀለም እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

በ20 ደቂቃ ገጠመልኝ። አሮጌው ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ደረሰኝም አልተቀበልኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ግን ወረቀት እንኳ አልያዝኩም።

በማግስቱ ያው ነው፣ ሰዓት ሳይቆጥር ይወርዳል። ተመልሼ ስሄድ ልጁ ምንም አልደነገጠም። «እንግዲያው ኬብልሽ ነው» አለና በጨርቅ የተጠለፈ፣ ማሸጊያው ላይ ፋስት ቻርጅ የሚል ኬብል በ600 ብር ሰጠኝ። ሲያዩት ያምራል። ስልኩ ግን ከበፊቱም ባሰበት።

መፍትሔው ከቤቴ በር ላይ ነበር። የአከራዬ ልጅ ፖሊቴክኒክ ነው የሚማረው፣ ኤሌክትሪካል። ቡና ላይ ነገሩን ሳማርር ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ግድግዳ ላይ ስትሰኪውስ ይሞላል?» አዎ፣ ማታ ማታ ጥሩ አድርጎ ይሞላል። «ታዲያ ባትሪው ምን አጠፋ?» አለኝ። ከዚያ ላፕቶፔን አዙሮ ቀዳዳዎቹን አሳየኝ።

የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊአምፒር በ5 ቮልት ነው። ይሄ 2.5 ዋት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር፣ ማለትም 4.5 ዋት ይሰጣል። የስልኬ የግድግዳ ቻርጀር ላይ የተጻፈው 5 ቮልት 2 አምፒር ነው። 10 ዋት መሆኑ ነው፣ እኔ ከምሰካበት ቀዳዳ አራት እጥፍ። ሮቶውን በቀጭን ቧንቧ እየሞላችሁ ከታች በወፍራሙ ብትቀዱ ምን ይሆናል? የኔ ስልክ ያ ሮቶ ነው። ከላፕቶፑ የሚመጣው ካልበቃው ጉድለቱን ከራሱ ባትሪ ይሸፍናል። የመብረቋ ምልክት መብራት እየገባ መሆኑን እንጂ መብቃቱን አትነግራችሁም።

ኢንተርኔት እያካፈለ ያለ ስልክ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲልክና ሲቀበል ይውላል። ኔትወርክ ሲደክም ማማውን ለመድረስ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። የኔ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የምሠራበት ክፍል ደግሞ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። ቆርቆሮ ኔትወርክ ያዳክማል። የአከራዬ ልጅ ስልኩን ሳሎን መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጠው የኔትወርኩ መስመር ከሁለት ወደ አራት ወጣ።

ኬብሉንስ? በምላጭ ሰነጠቅነው። 600 ብር ስለሆነ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የያዝኩለት። ውስጡ አራት ሽቦ አለ። ቀይና ጥቁሩ መብራት የሚያመላልሱ ናቸው፣ አረንጓዴና ነጩ ዳታ። አራቱም እኩል ቀጭን ናቸው፣ መዳቡ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ከስልኩ ጋር የመጣውንና አንገቱ ላይ የተበጠሰውን የድሮ ኬብሌን ከፈትነው። እዚያ ቀይና ጥቁሩ ከሌሎቹ በግልጽ ወፍረዋል። ሽቦው ሲቀጥንና ሲረዝም መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይበዛል፣ ስልኩም የሚስበውን ይቀንሳል። የአዲሱ ኬብል ወፍራምነት በሙሉ ጨርቅና ፕላስቲክ ነው።

«ኦርጅናል» የተባለው ባትሪ ጉዱ የወጣው ሐይቁ ላይ ነው። ቅዳሜ ለዘመድ ጉዳይ ወደ ዘጌ በጀልባ እየሄድኩ ነበር። 31 ፐርሰንት እያለ ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ወደቡ ላይ ለሚጠብቀኝ ሰው መደወል አልቻልኩም፣ ቁጥሩን በቃሌ አላውቀው። ባለጀልባው ስልኩን አበደረኝ፣ ግን ማን ጋ ልደውል? አሮጌው ባትሪዬ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ደህናውን ሰጥቼ በሽተኛውን ገዛሁ ማለት ነው። ደህናው የት ገባ? ሌላ ሰው ስልክ ውስጥ «ኦርጅናል» ተብሎ ይሆናል። ማስረጃ የለኝም፣ ጥርጣሬ ነው።

በ9ኛው ቀን ሄጄ ልመልስ ስል «ከተገጠመ አይመለስም» ተባልኩ። አዋጁ ግን እንዲህ አይልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀኑ ነበረኝ፣ ደረሰኙ ነው የጎደለኝ። ከዚያ ሱቅ መግዛቴን በምን ላሳይ?

ስሙን ያልጠራሁበት ምክንያት ይሄ ነው። ከንዴቴ ሌሎች ሦስት ሱቆች ገብቼ ያንኑ ታሪክ ተናገርኩ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ይወርዳል ብዬ። ሁለቱ ሳይለኩ ባትሪ ይቀየር አሉኝ። አንዱ ብቻ «ቻርጀርሽን አሳዪኝ» አለ። ስለዚህ አንድ ሱቅ ብነግራችሁ ከሌሎቹ አታመልጡም።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ማታ ስልኩን በግድግዳ ቻርጀር ሙሉ አድርጋችሁ ንቀሉት፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ተኙ። ጠዋት ሁለት ሦስት ፐርሰንት ብቻ ከወረደ ባትሪው ራሱን ችሎ አይፈስም። ቀን ስትሠሩ ቀዳዳውን ቀይሩ፣ ሰማያዊው ካለ እሱን ሞክሩ። አንዱን ቀዳዳ ለአራት የሚያከፋፍለውን ማከፋፈያ፣ የራሱ መብራት ከሌለው፣ ተዉት። ያችኑ ጥቂት መብራት ነው ለሁሉም የሚያካፍለው። ላፕቶፑ ሲተኛ ብዙዎቹ ቀዳዳውን ያጠፋሉ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ አትጠብቁ። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ካላችሁ ደግሞ የስልኩን የዩኤስቢ ሜኑ እዩት፣ አንዳንዴ ስልኩ ላፕቶፑን ቻርጅ እያደረገ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ።

በእርግጥ የሚሞት ባትሪም አለ። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ አትሞክሩት፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ ያው ቀን አስቀይሩ። 30 ላይ እያለ በድንገት የሚጠፋም መቀየር አለበት። የኔው አዲሱ ማለት ነው።

አሁን ስልኩ መስኮቱ ላይ በግድግዳ ቻርጀሩ ተሰክቶ በዋይፋይ ያካፍለኛል። ማታ 11 ሰዓት ላይ 96 ነው። ባትሪውን ግን ማስቀየሬ አይቀርም፣ ቻርጀርሽን አሳዪኝ ያለኝ ሰውዬ ጋ ልሄድ ነው። ደረሰኝ እቀበላለሁ። የሚወጣውንም ባትሪ በላስቲክ ይዤው እመለሳለሁ።